ዋኖስ ከመስክ እስከ ምጣድ፦ አሥር ተረቶችና እውነታቸው

በሰሜንና በመካከለኛው ቴክሳስ የዋኖስ አደን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 1 ቀን ይከፈታል። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 መሆኑ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ አሥር ቀን በኋላ፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ አሥር ቀን ገደማ ሲቀረው። በዳላስ፣ በሂውስተንና በኦስቲን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚያ ሰሞን የሥራ ባልደረቦቻቸው ሾትጋንና የበረዶ ሣጥን ጭነው ወደ ገጠር ሲወጡ ያያሉ። «አንተም ና» ሲባሉ አንዳንዱ በወሬ የሰማውን ፈርቶ ይቀራል፤ አንዳንዱ ደግሞ በወሬ የሰማውን አምኖ ይሄዳል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል።

ሕግ ተጠብቆና ለገበታ ታስቦ የሚደረግ የዋኖስ አደን የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው ወፍ አቁስሎ ትቶ መሄድ፣ ሥጋውን በሙቀት አበላሽቶ መጣል፣ ከዚያም አልፎ ባለማወቅ በተያዘ ጠመንጃ የመኖሪያ ፈቃድን አደጋ ላይ መጣል ነው። ከዚህ በታች ያሉት አሥር አባባሎች ብዙ ሰው የሚቀባበላቸው ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር እውነታው ተቀምጧል።

አስቀድሞ ግን ወሰኑን እናስምር። እዚህ የተጻፈው የቴክሳስ ነገር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሌሎች ግዛቶች የራሳቸው ደንብ አላቸው፦ የሚሺጋን ሕዝብ በ2006 በድምፅ የዋኖስ አደንን ውድቅ አድርጓል፤ አዮዋ በአንጻሩ በ2011 ፈቅዳለች። አገር ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነው።

ተረት 1፦ «እርግብ የመንፈስ ቅዱስ አምሳል ናት፤ መብላቷ ኃጢአት ነው»

እውነታ፦ ይህን የሚሉ ሰዎች ከአክብሮት ተነሥተው ነው፤ አክብሮቱም መሠረት አለው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 መንፈስ ቅዱስ በእርግብ አምሳል እንደ ወረደ ተጽፏል። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ዋኖስንና እርግብን ከንጹሓን ወፎች ጋር ይቆጥራቸዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 1 ለመሥዋዕት እንዲቀርቡ ይፈቅዳል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ደግሞ እመቤታችንና ዮሴፍ ሕፃኑን ኢየሱስን ወደ ቤተ መቅደስ ሲያመጡት በሕጉ የታዘዘው መሥዋዕት ዋኖስ ወይም የእርግብ ጫጩት ነበር። ንጹሕ ያልሆነ ነገር ለመሥዋዕት አይቀርብም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው የደሙ ጉዳይ ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ያዛል። ስለዚህ ወፏ ስትወድቅ ነፍስ ካላት ባርኮ ማረድ፣ ደሟንም ማፍሰስ ለብዙዎቻችን ወግም እምነትም ነው። ሙስሊም አዳኞችም ሲተኩሱ ቢስሚላህ ይላሉ፤ በሕይወት ያገኟትንም ያርዳሉ። ከዚህ በላይ ላለው ጥያቄ የንስሐ አባትን ወይም ኢማምን ማማከር ነው። ሕሊናው ያልፈቀደለት ሰው ባይበላ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ የበላውን ግን ኃጥእ ማለት ከመጻሕፍቱ ጋር አይሄድም።

ተረት 2፦ «እንዲህ እየታደነች ከቀጠለች ዘሯ ይጠፋል»

እውነታ፦ ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በቢሊዮን ይቆጠር የነበረ ተጓዥ እርግብ የሚባል ወፍ ነበር። ወሰን የሌለው የንግድ አደንና የደን ጭፍጨፋ ጨርሶ አጠፋው። የመጨረሻዋ ወፍ ማርታ በሲንሲናቲ መካነ አራዊት የሞተችው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 ነው። ዛሬ የዋኖስ አደን በሚከፈትበት ቀን ማለት ነው።

ከዚያ ጥፋት በኋላ ነገሩ በሕግ ተያዘ። አሜሪካ በ1916 ካናዳን ወክላ ከፈረመችው ከብሪታንያ ጋር ስለ ፍልሰተኛ አእዋፍ ስምምነት አደረገች፤ በ1918 የፍልሰተኛ አእዋፍ ስምምነት ሕግ ወጣ፤ በ1936 ከሜክሲኮ ጋርም ተመሳሳይ ስምምነት ተፈረመ። ዋኖስ ከሴፕቴምበር 1 በፊት የማትታደነው ከዚያ በመጣ ደንብ ነው። የታደነ የዱር ወፍ ሥጋ ለገበያ ማቅረብም ተከልክሏል።

የወፏ ተፈጥሮም ይረዳታል። ሞርኒንግ ዶቭ የምትባለው ዋና ዋኖስ ደን ብቻ አትፈልግም፤ የእርሻ ዳር፣ የከተማ ዛፍና የግጦሽ መሬት ይበቃታል። በአንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ወንዱና ሴቷ ተፈራርቀው ሁለት ሳምንት ያህል ይታቀፉታል። ጫጩቶቹን ሁለቱም ወላጆች ከአንገታቸው ከረጢት በሚያመነጩት ወተት መሰል ምግብ ያሳድጋሉ። ሞቃት በሆነ አካባቢ በዓመት እስከ ስድስት ጊዜ ሊፈለፍሉ ይችላሉ። ዕድሜዋ ግን አጭር ነው፤ አዳኝ ኖረም አልኖረም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋኖሶች ዓመት ሳይሞሉ ያልቃሉ። በየዓመቱ በሚሊዮኖች እየታደነችም ዛሬ በሰሜን አሜሪካ እጅግ ከበዙት ወፎች አንዷ ናት።

ይህ ሚዛን በራሱ አይቆምም። የወፎቹ ቁጥር በየዓመቱ ይጠናል፤ ከሚያዙት የአንዳንዶቹ እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ይደረጋል። ቀለበት ያላት ወፍ ያገኘ አዳኝ ቁጥሩን ለአሜሪካ የወፎች ቀለበት ቤተ ሙከራ ቢያሳውቅ ይገባል፤ ጥናቱ የሚቆመው በዚያ መረጃ ነው። በ1937 በወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ደግሞ ከሾትጋን፣ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ ላይ 11 በመቶ ቀረጥ እየተቀነሰ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል።

ተረት 3፦ «ወፍ የማንም አይደለችም፤ ባለመሬቱ ከፈቀደ በቃ»

እውነታ፦ የባለመሬቱ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። በቴክሳስ የአደን ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ለነዋሪ 25 ዶላር ነው። በላዩ ላይ የፍልሰተኛ ወፎች ማረጋገጫ 7 ዶላር ይጨመርበታል። ላይሰንሱ ሲገዛ ስላለፈው ዓመት አደን ጥቂት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ይህ ምዝገባ ሂፕ ይባላል፤ ሳይመዘገቡ ዋኖስ ማደን አይፈቀድም። ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የተወለደ ሰው ደግሞ የአዳኞች ትምህርት መውሰድ አለበት። ዕድሜው 17 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ትምህርቱን በኢንተርኔት ብቻ መጨረስ ይችላል። ዋጋም ደንብም ስለሚቀየር በየዓመቱ በነሐሴ ወር የቴክሳስ ፓርኮችና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትን መመሪያ ማየት ነው።

መሬት የሌለው ሰውም መንገድ አለው። የቴክሳስ መሬት ከ90 በመቶ በላይ የግል ነው፤ ሆኖም በ48 ዶላር የሚገዛው ዓመታዊ የሕዝብ አደን ፈቃድ ወደ አንድ ሚሊዮን ኤከር ለሚጠጋ መሬት በር ይከፍታል። ለዋኖስ ተብለው የተከራዩ ማሳዎችም አሉበት።

አሁን ለወገኖቼ በጣም የሚያስፈልገውን ልናገር። የግሪን ካርድ ባለቤት ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ የጸና የአደን ላይሰንስ መያዝ ነው። ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰው ለመሞከር እንኳ የጓደኛውን ሾትጋን ቢይዝ ከባድ የፌዴራል ወንጀል ይሆንበታል። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ወይም ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው የስደት ጠበቃውን ሳያማክር ጠመንጃ አይንካ። ለአንድ ማለዳ ጨዋታ ተብሎ የዓመታት ልፋት መና መቅረት የለበትም።

ተረት 4፦ «እህል በትኖ መጥራት የብልህ አዳኝ ዘዴ ነው»

እውነታ፦ ክልክል ነው። ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ጨው በትኖ ዋኖስ ማደን የፌዴራል ሕግ መጣስ ነው። እህሉ ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላም ቦታው ለ10 ቀን እንደ ተበተነበት ይቆጠራል። እህሉን የበተነው ሌላ ሰው ቢሆንም አዳኙ ያውቅ ከነበረ ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረ ከጥፋተኝነት አያመልጥም። «ጋብዘውኝ ነው፤ አላየሁም» የሚለው መልስ የአደን ተቆጣጣሪውን (ጌም ዋርደኑን) አያሳምነውም። ስለዚህ ማሳ ላይ ከመቆም በፊት መሬቱን ዞሮ ማየትና ባለቤቱን በግልጽ መጠየቅ የአዳኙ ኃላፊነት ነው።

የተፈቀደው በቅሎ ያደገ ሰብል ነው። ገበሬ የዘራውን ሱፍ ወይም ማሽላ እዚያው ማሳው ላይ ቢያጭደው፣ ቢቆራርጠው ወይም ቢያርሰው ዋኖስ የወደቀውን ፍሬ ለመልቀም ትመጣለች፤ በዚያ ማሳ ላይ ማደን ሕጋዊ ነው። ለዳክዬ ሲሆን ደንቡ የተለየና ጠበቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ የአንዱን ደንብ ለሌላው ማዋል ያስቀጣል።

ደግሞ እህል መበተን አያስፈልግም። የዋኖስ ውሎ የታወቀ ነው። ጠዋት ካደረችበት ዛፍ ተነሥታ ወደ ማሳ ትሄዳለች፤ ቀትር ላይ ጥላ ትይዛለች፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ትለቅማለች፤ ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ውኃ ትጠጣለች። ውኃ የምትመርጠው ዳሩ ገላጣ የሆነውን ነው፤ ሣር የበዛበት ዳር አውሬ ስለሚደብቅ ትፈራዋለች። ዳሩ ገላጣ የሆነ ኩሬ፣ በአጠገቡም የደረቀ ዛፍ ወይም የመብራት ሽቦ ያለበት ቦታ ካገኛችሁ ከበቂ በላይ ነው።

ተረት 5፦ «አመሻሽ ላይ ፈጥና የምትበር ሁሉ ዋኖስ ናት»

እውነታ፦ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማሳ ላይ በሕግ የተጠበቁ ትንንሽ ጭልፊቶችና ኪልዲር የምትባለው የሜዳ ወፍ ይበራሉ። ለይቶ ያልተኮሰ ሰው ጥፋቱን የሚያውቀው ወፏን ሲያነሣ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም።

መለያው ይህ ነው። ሞርኒንግ ዶቭ ቀጭን ናት፤ ጅራቷ ረጅምና ሹል ነው። ባለ ነጭ ክንፏ ዋኖስ ትንሽ ትከብዳለች፤ ስትበር በክንፏ ላይ ሰፊ ነጭ መስመር ይታያል፤ የጅራቷም ጫፍ ክብ ነው። ከአውሮፓና እስያ የመጣችው ባለ ቀለበት አንገቷ ዋኖስ ከሁለቱም ትበልጣለች፤ ማጅራቷ ላይ ጥቁር ግማሽ ቀለበት አለ፤ ጅራቷ አራት ማዕዘን ይመስላል። በቴክሳስ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዋይት ቲፕድ ከምትባለው ሦስተኛ ዓይነት ጋር ተደምረው በቀን ከ15 መብለጥ የለባቸውም፤ ከ15ቱም ዋይት ቲፕድ ከሁለት አትበልጥም። ባለ ቀለበት አንገቷ ከውጭ የመጣች ስለሆነች የቁጥር ገደብ የለባትም። ኢንካ ዶቭና ግራውንድ ዶቭ የሚባሉት ትንንሾቹ ግን በፍጹም አይታደኑም። ዓይነቷን መለየት ያቃተው አዳኝ ያሳልፋት፤ ሌላ ትመጣለች።

ተረት 6፦ «ጥሩ ልብስና ብዙ ጥይት ካለ መምታት ቀላል ነው»

እውነታ፦ ቅጠል መሳይ ልብስ ይረዳል፤ ዋኖስን የሚያስደነግጣት ግን እንቅስቃሴ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሸሚዝ ለብሶ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ እንቅስቃሴ የተቀመጠ ሰው፣ ውድ ልብስ ለብሶ ከሚወዛወዘው ይልቅ ይቀናዋል።

መምታት የሚከብድበት ምክንያት በሒሳብ ይታያል። የሾትጋን ፍሬ 30 ሜትር ለመድረስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይወስድበታል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የምትበር ዋኖስ በዚያች ቅጽበት ወደ 2 ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ ከዚህም በላይ መፍጠን ትችላለች። ስለዚህ ወደ ወፏ የሚተኩስ ሰው የሚመታው የነበረችበትን ቦታ ነው። አፈሙዙን ከኋላዋ አስነሥቶ በበረራዋ መስመር መከተል፣ ማለፍ፣ ከዚያ መተኮስ ነው፤ ቃታው ሲሳብ አፈሙዙ መቆም የለበትም። ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ሲተኩስ እጁን ያቆማል። ከወቅቱ በፊት የሸክላ ዒላማ በሚወረወርበት ሜዳ መለማመድ ለወፏም ለኪስም ይበጃል።

12 ወይም 20 ጌጅ ሾትጋን ይበቃል፤ የርቀቱም ወሰን ከ30 እስከ 35 ሜትር ይሁን። ሾትጋኑ በፌዴራል ሕግ ከሦስት ጥይት በላይ መያዝ የለበትም፤ አምስት የሚጎርሰው በመወተፊያ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይገደባል። መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስክትጠልቅ ነው።

ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወት አለ። በዋኖስ አደን ላይ ሰው ከሚጎዳባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ወፏን ሲከተሉ አፈሙዙን ከራስ ወሰን አሳልፎ ወደ ጎረቤት ማዞር ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚተኩስበትን አቅጣጫ ከመጀመሩ በፊት ይወቅ። ከጀርባዋ ሰማይ የማይታይባት ዝቅ ብላ የምትበር ወፍ አትተኮስም። የዓይን መከላከያ መነጽርና የጆሮ መድፈኛ ለሁሉም ያስፈልጋል፤ አብረው ለመጡ ልጆችም ጭምር።

ተረት 7፦ «እርሳስ ካልሆነ ወፍ አይወድቅም»

እውነታ፦ ይህ በሜዳ ላይ ተፈትኗል። የቴክሳስ ፓርኮችና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በ2008 እና በ2009 የአደን ወቅቶች ለአዳኞች ዓይነቱን ሳይነግር የእርሳስና የብረት ጥይት ሰጥቶ አነጻጸረ። በተመቱ፣ በቆሰሉና በተሳቱ ወፎች መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። አዳኞቹም የቱን እየተኮሱ እንደ ነበር መለየት አልቻሉም።

እርሳስን የመተው ምክንያት ግን አለ። ዋኖስ ከመሬት እህል ለቅማ የምትኖር ወፍ ናት፤ በማሳው ላይ የወደቀ የእርሳስ ፍሬ እንደ ዘር ወይም እንደ ጠጠር መስሏት ትውጠዋለች፤ ትመረዝበታለች። በእኛም ሳህን ላይ ችግሩ አለ፤ እርሳስ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ሊፈረካከስ ይችላል። ለሕፃናት አደጋ የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በአደን ሁሉ እርሳስን ከልክላለች፤ ለዳክዬና ለመሰሎቿ አደን ደግሞ ከ1991 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ተከልክሏል። በቴክሳስ ለዋኖስ በአብዛኛው ቦታ ገና ይፈቀዳል፤ እኔ ግን ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት ገበታ ላይ በእርሳስ የተመታ ሥጋ እንዲቀርብ አልመክርም። ቁጥር 7 ወይም ቁጥር 6 የብረት ጥይት ይበቃል። ከእርሳስ የሚጠነክር ስለሆነ የድሮ ሾትጋን ያለው ሰው ለብረት የሚሆን መሆኑን ባለሙያ ይጠይቅ። ጥርስንም ሊሰብር ስለሚችል ሥጋው ሲታጠብ ቀዳዳዎቹን በጣት እየዳሰሱ ፍሬውን ማውጣት ነው።

ተረት 8፦ «የወደቀችውን ሣር ለሣር መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ሌላ መተኮስ ይሻላል»

እውነታ፦ የመቱትን ወፍ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ማድረግ ሕግ ያስገድዳል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ነፍስ ያላትን ወፍ አቁስሎ ሣር ውስጥ መተው ግፍ ነው።

ዋኖስ መሬት ላይ ስትወድቅ ከደረቅ ሣርና ከአፈር ጋር ትመሳሰላለች። ዘዴው ቀላል ነው። ስትወድቅ ዓይንን ከቦታው ሳይነቅሉ፣ በዚያ አቅጣጫ ያለ አንድ ዛፍ ወይም የአጥር እንጨት ለይቶ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። እግረ መንገድ ሌላ ወፍ ብታልፍ አይተኮስም፤ ሁለት ወፍ በአንድ ጊዜ የጣለ ሰው ብዙውን ጊዜ አንዷን ያጣል። ከደረሳችሁ በኋላ ባርኔጣችሁን መሬት ላይ አስቀምጡና በዙሪያው እየሰፋችሁ ፈልጉ። ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ ላይ የምትወድቀውን ከመጀመሪያው አለመተኮስ ይበልጣል። ውሻ ያለው ሰው ደግሞ የሴፕቴምበር ሙቀት ውሻ እንደሚገድል ይወቅ፤ ውኃና ጥላ ለእርሱም ይዘጋጅለት።

ተረት 9፦ «ሥጋዋ ጉበት ጉበት ይላል፤ ሌሊቱን በኮምጣጤ ካልተዘፈዘፈ አይበላም»

እውነታ፦ የዋኖስ ደረት ጥቁር ቀይ የሆነው ያለ ዕረፍት የሚበር ጡንቻ ስለሆነ ነው፤ እንደ ዶሮ ደረት ነጭ አይሆንም። ጣዕሙ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፦ ሜዳ ላይ በሙቀት፣ ቤት ውስጥ በእሳት ብዛት።

የሴፕቴምበር ቴክሳስ ቀን ብዙ ጊዜ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። በዚህ ሙቀት ሥጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ቅዝቃዜ መቆየት የለበትም። ወፎቹን በኪስ ቦርሳ ጠቅጥቆ እስከ ማታ ማቆየት ያበላሻቸዋል። በረዶ የሞላ ሣጥን ይዛችሁ ውጡ፤ ወፎቹን አጽድታችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ በበረዶው ላይ አስቀምጡ፤ ቀልጦ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ አይንሳፈፉ።

ደረቱን ማውጣት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ወፏን በጀርባዋ አጋድማችሁ የደረቷን ላባ ንጩ፤ ላባዋ በቀላሉ ይለቃል። የደረት አጥንቱ ወደ ሆዷ በኩል የሚያልቅበትን ጫፍ በጣት ፈልጉ። አውራ ጣታችሁን ከዚያ ጫፍ ሥር አስገብታችሁ፣ በሌላ እጃችሁ ጀርባዋን ይዛችሁ ወደ ላይ ፈንቅሉ። ደረቱ ከነአጥንቱ ይነሣል፤ ክንፎቹን ከመገጣጠሚያው በመቀስ ትቆርጣላችሁ። በአንገቷ ከረጢት ውስጥ ዘር ታገኛላችሁ፤ ምን ስትበላ እንደ ነበር ያሳያል፣ ነገ የት መቆም እንዳለባችሁም ይጠቁማል። አፏ ወይም ጉሮሮዋ ውስጥ አይብ መሳይ ቢጫ ቁስል ካያችሁ ትሪኮሞናስ በሚባል ተውሳክ ታማ ነበርና አትብሏት። ሲያጸዱ ጓንት ማድረግ፣ ከዚያም እጅና ቢላ በሳሙና መታጠብ አለበት።

ኮምጣጤ ቀጭኑን ሥጋ ከውጭ ያጠነክረዋል እንጂ አያለሰልሰውም። ሌሊቱን በቀላል የጨው ውኃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ይበቃል፤ ደሙን ይስባል፣ ሲበስልም እንዳይደርቅ ይረዳል። ጠዋት ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቅ።

ተረት 10፦ «ያለ ቤከን አትጥምም»

እውነታ፦ የቴክሳስ ሰው የዋኖስ ደረትን በቃሪያና በአይብ ሞልቶ በአሳማ ቤከን ይጠቀልላል። ለእርሱ ልማዱ ነው፤ የአሳማ ሥጋ ለማይበላው ለአብዛኞቻችን ግን ምግቡ የቀረ ይመስላል። ስብ የሌላትን ወፍ የሚያለሰልሳት ስብ ከየትም ቢመጣ ነው። የእኛ ንጥር ቅቤ ከቤከን በምን ያንሳል?

ለጥብስ፦ ለአንድ ሰው ሦስት ወይም አራት ወፍ አስቡ። ደረቱን ከአጥንቱ ለዩና በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት እሹት። የብረት መጥበሻ በደንብ ይጋል፤ ንጥር ቅቤ ይጨመርበት፤ ሥጋው ሳይደራረብ ይገባ። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ደቂቃ ገደማ ከተጠበሰ በኋላ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የሥጋ መጥበሻ ቅጠል፣ ሮዝመሪ፣ ይጨመርና ይታመስ። ብዙ አዳኞች ውስጡ ሮዝ ሳለ ያወጡታል፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ምክር ግን ለማንኛውም ወፍ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ከዚህ ዝቅ አይደረግ። በሙቀት መለኪያ እያዩ 74 እንደ ደረሰ ማውጣት ነው፤ ጉበት ጉበት የሚለው ከዚያ በኋላ እሳት ላይ ሲቆይ ነው።

ለወጥ፦ እግርና ጀርባዋ እንዳይጣል ከፈለጋችሁ ሙሉዋን ላባዋን ነጭታችሁ፣ ሆድ ዕቃዋን አውጥታችሁ በውኃና በሎሚ እጠቧት። ለስምንት ወፍ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፍ። ያለ ዘይት፣ በለሰለሰ እሳት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እስኪቀላ ይቁላላ። በርበሬና ንጥር ቅቤ ገብቶ እንደገና ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተል። ወፎቹ ይግቡና በትንሽ ውኃ ተከድነው ሥጋው ከአጥንቱ እስኪለቅ፣ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ፣ ቀስ ብለው ይብሰሉ። በመጨረሻ ኮረሪማና መከለሻ፣ እንደ ዶሮ ወጥ የተቀቀለ እንቁላልም ይታከልበት። በጥብስ የሚደርቅ ያረጀ ወፍ በወጥ ይለሰልሳል። ትንንሽ አጥንት ስላላት ለልጆች ሲሰጥ ሥጋው ይፈልፈልላቸው።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ያደነውን ለማቆየት ይቸገራል የሚል ካለ፣ ደረቶቹን በከረጢት አድርጎ እስኪሸፍናቸው ውኃ ጨምሮ አየር ሳያስቀር ፍሪዘር ውስጥ ያስገባ። በዚህ መንገድ ሳይደርቁ ለበዓል ይደርሳሉ።

ለአንባቢ አንድ ቃል

ይህን አደን መጀመር የሚፈልግ ሰው ሴፕቴምበርን አይጠብቅ። በሰኔና በሐምሌ የአዳኞች ትምህርቱን ይጨርስ፤ ወረቀቱ ላይ ጥርጣሬ ካለው ጠበቃ ያናግር፤ ሸክላ እየተኮሰ ይለማመድ፤ የሚያድንበትን መሬት ባለቤት አስቀድሞ ያግኝ። በመክፈቻው ቀን 15 ወፍ የሞላ ሁሉ ጥሩ አዳኝ አይባልም። ስድስት መትቶ ስድስቱንም አንሥቶ፣ ቶሎ አቀዝቅዞ፣ ቤተሰቡን ያበላ ሰው ይበልጠዋል። ቤተሰቡን ማብላት የማይፈልግ ሰው ደግሞ ጠመንጃውን ባያነሣ ይሻላል።